የፈጣን መኪና ፍሬን ሲያልቅ፤ ገንዘቡ የት የት ይገባል?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ለማግኘት ብዙ መዞር አያስፈልግም፡፡ ከጎተራ ወደ ሳሪስ፣ ከጎፋ ወደ መካኒሳ፣ ከላፍቶ ወደ ጀሞ በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ የቆርቆሮ አጥር ከፈት ብሎ ክሪክ ላይ የተሰቀለ መኪና የማይታይበት ሰፈር ጥቂት ነው፡፡ በአብዛኞቹ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ፍሬን ሸራ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ተቀይሮ ያልቃል፡፡ ዕቃው በየሱቁ ይገኛል፣ ዋጋውንም ሁሉም ያውቀዋል፣ ክርክሩም አጭር ነው፡፡ ነገሩ የሚለወጠው ወደ ግቢው የሚገባው መኪና ጎልፍ ጂቲአይ፣ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ወይም ጉልበት ያለው ቢኤምደብልዩ ሲሆን ነው፡፡ ያን ጊዜ ባለሙያው ጎማውን ፈትቶ ያያል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያም «ዕቃውን ይዘህ ና» ይላል፡፡

እኔ የምነዳው አምስተኛው ትውልድ የሚባለውን ጎልፍ ጂቲአይ ነው፡፡ የአራቱንም ጎማ ፍሬን ያስቀየርኩት እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ዕቃውን ለማሟላት የፈጀብኝ ጊዜ ከሥራው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፡፡ በዚህ ጽሑፍ በብር የተቆረጠ የዋጋ ዝርዝር አላቀርብም፡፡ ሰኞ የተነገረ ዋጋ ሐሙስ ላይ ስለሚለወጥ ለአንባቢ አይጠቅምም፡፡ ይልቅስ ወጪው ከምን ከምን እንደሚገነባ፣ የቱ ላይ መቆጠብ እንደሚቻልና የቱ ላይ መቆጠብ አደጋ እንደሆነ የማውቀውን ላስቀምጥ፡፡

ፍሬን ሙቀት ነው

ዋጋውን ለመረዳት በመጀመሪያ ፍሬን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ፍሬን የሚሮጠውን መኪና ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሥራው ይኸው ነው፡፡ ከነተሳፋሪው 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 580 ሺህ ጁል ያህል ጉልበት ይዟል፡፡ ይህን መኪና በአንድ ጊዜ ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ሁለት ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውኃ አዲስ አበባ ላይ ያፈላል፡፡ ያውም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፡፡ ፍጥነቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል እንጂ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፡፡ ፈጣን መኪና ትልቅ ፍሬን የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትልቅ ዲስክ ማለት ብዙ ሙቀት የሚይዝና ቶሎ ለአየር የሚሰጥ ብረት ማለት ነው፡፡

ከተማችን ደግሞ ለፍሬን የምትመች አይደለችም፡፡ 3000 ሜትር ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነስቶ ሳሪስ የሚወርድ ሰው ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፡፡ ያ 1500 ኪሎ መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 18 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው፡፡ በእርግጥ ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ሞተሩና አየሩ ይወስዱታል፤ ማርሽ ቀንሶ የሚወርድ ሰው ደግሞ ለፍሬኑ የሚተርፈውን በጣም ያሳንሰዋል፡፡ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ የሚወርደው 1400 ሜትር ገደማ በመሆኑ የእንጦጦው ሁለት እጥፍ ነው፡፡ እዚያ ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ የወረደ ሰው ሸራው ሲሸት፣ ፔዳሉም እየላላ ሲሄድ ቢያገኘው አይደንቅም፡፡

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ፡፡ የፍሬን ፔዳልን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፡፡ የአዲስ አበባ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ስለሚያንስ ሰርቮው ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛም በዚያው መጠን ይቀንሳል፡፡ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ መኪና ያመጡ ሰዎች «እዚህ ፔዳሉ ይከብዳል» የሚሉት ከምንም ተነስተው አይደለም፡፡ ሸራው ጥራት የሌለው ከሆነ ደግሞ የጎደለውን ግፊት ሁሉ የሚሸፍነው የሹፌሩ እግር ነው፡፡

የሚያልቀው የቱ ነው?

የመጀመሪያው ሸራው ነው፡፡ እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ብናገር አንባቢ ይቅርታ ያደርግልኛል፡፡ ዛሬ የምንገዛው ሸራ ብረት፣ ሙጫና ልዩ ልዩ ዱቄት ተጨምቆ የተሠራ ጠጣር ነገር እንጂ ጨርቅ የለበትም፡፡ የጥንቱ ግን በእርግጥ የተሸመነ ጨርቅ ነበር፡፡ ኸርበርት ፍሩድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1897 እ.ኤ.አ. የፍሬን ሸራ መሥራት ሲጀምር ጥጥን በሙጫ እየነከረ ነበር፡፡ ዛሬም በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የምናየው «ፌሮዶ» የሚለው ስም የሰውዬው ስም ፊደሎች ተገለባብጠው አንድ ፊደል ተጨምሮባቸው የወጣ ነው፡፡ «ሸራ» የሚለው አጠራራችንም ከዚያ ከጨርቁ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል፡፡

ወደ ነገሬ ልመለስ፡፡ በእኔ መኪና የሸራው ሥጋ ከጀርባው ብረት ውጪ 2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ አበቃ፤ መቀየር አለበት፡፡ ከፊት በግራ በኩል ባለው ሸራ ውስጥ ሽቦ ስላለ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፡፡ ታዲያ ይህ መብራት የሚያየው የፊቱን ብቻ ነው፡፡ በዚህ ትውልድ ጎልፎች ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የኋላው ሸራ መሆኑን ባለቤቶቹ ሁሉ ያውቁታል፡፡ ፋብሪካው መኪናው ሲቆም እንዳይደፋ ሲል የኋላው ፍሬን ብዙ እንዲሠራ አድርጎታል፤ ሸራው ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ትንሽ ነው፡፡ ስለዚህ መብራት አልበራም ብሎ መተማመን አይበቃም፡፡ ጎማው ሲፈታ የኋላውንም፣ የውስጥ በኩሉን ሸራ ጭምር አጎንብሶ ማየት ያስፈልጋል፡፡ የውጪው ወፍራም ሆኖ የውስጡ ብረት የነካበት መኪና ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ በአቧራና በዝገት ተይዞ አንዱን ሸራ ብቻ ስለሚያስበላ ነው፡፡ ኮብልስቶንና ያልተነጠፈ መንገድ በተቀላቀለበት በጀሞና በሃና ማርያም በኩል የሚመላለስ ሰው ይህ ቢደርስበት እድሉን አያማር፡፡

ሁለተኛው ዲስኩ ነው፡፡ የፊቱ ዲስክ አዲስ ሲሆን ስፋቱ 312፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 22 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይጣላል፡፡ የኋላው 286 በ12 ሲሆን 10 ላይ ያበቃል፡፡ ሊበላ የሚፈቀደው ከፊቱ ሦስት፣ ከኋላው ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፡፡ ካሊብሮ የሌለው ጋራዥ ስለ ዲስክ የሚሰጠው አስተያየት የዓይን ግምት ነው፡፡ በጥፍር ሲዳሰስ ጠርዙ ላይ የሚገኘው ከፍታ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ልኩን አይናገርም፡፡

ሦስተኛው ዘይቱ ነው፡፡ ዕድሜው ጠገብ ያለ የጎፋ መካኒክ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራው፣ ሸራ ሲያልቅ ይጮሃል፣ ዘይት ግን ዝም ብሎ ነው የሚያረጀው ሲሉ ይመክራሉ፡፡ ትክክል ናቸው፡፡ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውኃ ይስባል፡፡ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሲሆን፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ እስከ 155 ዲግሪ መውረዱን ይፈቅዳል፡፡ የዶት 3 ከ205 ወደ 140 ነው፡፡ ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም፡፡ «ፍሬን እምቢ አለው» ተብሎ ከሚወራው ውስጥ የተወሰነው ይኸው ነው፡፡ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፡፡ ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ርካሹ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው መሆኑ ያስገርመኛል፡፡

ፈጣኑ ለምን ይወደዳል?

ቪትዝ ከፊት ትንሽ ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አለው፡፡ ክብደቱም አንድ ቶን ገደማ ነው፡፡ ጂቲአይ ግን በአራቱም ጎማ ዲስክ አለው፤ የፊቶቹም መሀላቸው አየር የሚያስተላልፍ ነው፡፡ ብረቱ ብዙ ስለሆነ ዋጋውም፣ ክብደቱም፣ የማስጫኛ ሒሳቡም ይጨምራል፡፡ ይህ ግን የልዩነቱ ትንሹ ክፍል ነው፡፡ ትልቁ ምክንያት ቁጥር ነው፡፡

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 እስከ 1300 ሲሲ ባለው አውቶሞቢል ላይ 30፣ እስከ 1800 ሲሲ ባለው ላይ 60፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 100 በመቶ ጥሎ ነበር፡፡ የጂቲአይ ሞተር 1984 ሲሲ ስለሆነ በ184 ሲሲ ምክንያት ከከፍተኛው እርከን ውስጥ ይወድቅ ነበር፡፡ በ2012 ዓ.ም. የመጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ የመኪናውን ዕድሜ ሒሳብ ውስጥ አስገብቶ አሮጌ መኪና ማስገባትን ይበልጥ አስወደደው፡፡ ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ከተማዋን የሞላው አነስተኛ ሞተር ያለው የጃፓን መኪና ነው፡፡ ነጋዴም የሚያመጣው ቶሎ የሚሸጥለትን ነው፡፡ የቪትዝ ሸራ በሳምንት ስንት ጥንድ እንደሚሸጥለት የሚያውቅ ባለሱቅ በዓመት ሁለት ሰው ለማይጠይቀው ባለ 312 ዲስክ ገንዘቡን አያስርም፤ ያሰረም እንደሆነ ያሰረበትን ጊዜ ጨምሮ ያስከፍላል፡፡ አልፈርድበትም፡፡

ከዚህ በላይም የሚሄድ ዓለም አለ፡፡ ቤርጋሞ አጠገብ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጣሊያኑ ብሬምቦ የሚሠራቸው ባለ አራትና ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐሮች አንዳንድ ሱባሩዎች ላይ በቀለማቸው ይታወቃሉ፡፡ ሸራቸው ከተራው ኢምፕሬዛ ሸራ ጋር አይመሳሰልም፤ «የኢምፕሬዛ ስጠኝ» ብሎ የገዛ ሰው ሱቁ ድረስ ይመለሳል፡፡ ፖርሸ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያቀርበው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ደግሞ ከመኪናው ጋር ሲታዘዝ ብቻውን ከ8 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ነበር፡፡ እሱን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፡፡

ዕቃው ከየት ይመጣል?

ሦስት መንገድ አለ፡፡ አንደኛው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፡፡ እዚያ አዲስም ያገለገለም ይገኛል፡፡ ያገለገለ ካሊፐር ጎማዎቹ ተለውጠው ሊሠራ ይችላል፤ ያገለገለ ዲስክም ቢሆን በካሊብሮ ተለክቶ ብዙ ሥጋ ካለው ያስኬዳል፡፡ ያገለገለ ሸራ ግን በነፃም ቢሰጥ አይወሰድም፤ ዘይት ነክቶት ይሁን ተቃጥሎ በዓይን አይለይም፡፡

ሁለተኛው በትዕዛዝ ማስመጣት ነው፡፡ ዱባይ የሚመላለሱ ነጋዴዎች የሻንሲ ቁጥርና ቀብድ ተቀብለው ያመጣሉ፡፡ ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፡፡ ሸራ በሻንጣ ይመጣል፡፡ ሁለት የፊት ዲስክ ግን ከባድ ስለሆነ ዘመድን ያስቀይማል፤ እኔ ሸራውንና የመብራቱን ሽቦ በዚህ መንገድ፣ ዲስኮቹን በትዕዛዝ አስመጥቻለሁ፡፡

በየትኛውም መንገድ ቢመጣ የሚያከስረው የተሳሳተ ዕቃ ነው፡፡ አንድ ዓይነት ዓመተ ምሕረትና አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ጎልፎች የተለያየ ስፋት ያለው ዲስክ ሊኖራቸው ይችላል፡፡ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ትርፍ ጎማው አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት የፍሬን ዓይነት በኮድ ተጽፏል፡፡ ወረቀቱ ከሌለ ዲስኩን ፈትቶ መለካት ነው፡፡ ቀብድ ከመክፈል በፊት የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው፡፡

ሱቆቻችን ዕቃን የሚከፍሉት «ኦርጅናል»፣ «ዱባይ»፣ «ቱርክ»፣ «ቻይና» እያሉ ነው፡፡ አከፋፈሉ ብዙም አይረዳም፡፡ ቻይና ውስጥ ለታወቁ የአውሮፓ ስሞች ጥሩ ዕቃ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ፤ የአውሮፓ ካርቶን ውስጥ የገባ አስመሳይም አለ፡፡ እኔ የማየው የካርቶኑን አገር ሳይሆን ዕቃው ላይ የተጻፈውን ነው፡፡ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ሸራ ጀርባው ላይ አር 90 በሚባለው መስፈርት መፈተኑን የሚያሳይ ቁጥር ይታተምበታል፡፡ ይህ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቁጥርም ይሰረቃልና፡፡ ሆኖም ጀርባው ላይ ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ሸራ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ላይ አላስገባም፡፡

ስለ አቧራውም ልጨምር፡፡ አውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አግዷል፤ አሜሪካም ሸራ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት በ2024 እ.ኤ.አ. ከልክላለች፡፡ ሆኖም ምንጩ በማይታወቅ ሸራ ውስጥ ሊኖር ይችላል፡፡ በየጋራዡ የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር ሲነፋ፣ ወጣቱ ረዳትም ፊቱን ሳይሸፍን ሲያፀዳ ማየት የተለመደ ነው፡፡ እርጥብ ጨርቅ ይበቃ ነበር፡፡ ባለመኪናው «በውኃ ይሁን» ብሎ ቢጠይቅ ማንም እምቢ አይለውም፡፡

ብርና ዶላር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፡፡ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፡፡ ለፊት ዲስኮችና ሸራዎች ውጭ አገር 200 ዶላር የተከፈለ እንደሆነ፣ በድሮው ተመን 11 ሺህ 400 ብር ነበር፡፡ አንድ ዶላር 140 ብር በሆነበት ቀን ቢሰላ 28 ሺህ ብር ይመጣል፡፡ ይህ ዕቃው ገና ሳይንቀሳቀስ ነው፡፡

ከዚያ ቀረጥና ታክሱ ይከተላል፡፡ የጉምሩክ ቀረጡን እንኳ ለጊዜው ብንተወው፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ አለ፡፡ ሱር ታክሱ የሚሰላው ተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምሮ ስለሆነ ሦስቱ ብቻ ተደምረው ከዕቃው ዋጋ ወደ 30 በመቶ ይጠጋሉ፡፡ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሲጨመሩ አንድ ሰው በስልኩ የውጭ አገር ዋጋ አይቶ «ተዘረፍኩ» የሚልበት ልዩነት ከየት እንደመጣ ይገባዋል፡፡ አንዳንዴ በእርግጥ ይዘረፋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፡፡

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ማስታወቁም በዚህ ላይ ይታከላል፡፡ ቤንዚን የሚጠጡ ፈጣን መኪኖች ቁጥር ካለው አይጨምርም ማለት ነው፡፡ ዕቃ የሚፈታባቸው መኪኖችም እንዲሁ፡፡ የኤሌክትሪኮቹ ባለቤቶች በበኩላቸው ሲዘገዩ ሞተሩ ራሱ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስላቸው ሸራቸው ረጅም ጊዜ ይቆያል፡፡ ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ ዲስካቸው ሳይሠራ ተቀምጦ በክረምት ይዝጋል፡፡

ቶርኖ ቤት ወይስ አዲስ?

ውድ ዲስክ የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚመከረው ቶርኖ ቤት እንዲያስገባው ነው፡፡ ለላዳና ለሚኒባስ ታምቡር፣ ለወፍራም የጭነት መኪና ታምቡርም ይህ ጥሩ ባህል ነው፤ ሥጋ አላቸውና፡፡ ጂቲአይ ላይ ግን ሒሳቡ እምብዛም አይሠራም፡፡ ከፊቱ ዲስክ በጠቅላላው የሚፈቀደው መበላት ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፡፡ አንድ ሸራ ሲያልቅ ዲስኩ ራሱ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ተበልቶ ይጠብቃል፡፡ ቶርኖው የመንዘፍዘፍ ችግሩን ለማጥፋት ከሁለቱም ፊት ሲልጥ የቀረውን ይጨርሰዋል፡፡ የተላጠው ዲስክ ለጊዜው ልስልስ ብሎ ያምራል፤ ግን ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ ሙቀቱንም ለዘይቱ ያሳልፋል፡፡ ከ23 ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ውፍረት ያለውና መሪ የሚያንዘፈዝፍ ዲስክ ካልሆነ በቀር ለቶርኖ የሚከፈለው ገንዘብ ለአዲሱ ቢጠራቀም ይሻላል ባይ ነኝ፡፡

ወጪ መቀነስ የሚቻለው ሌላ ቦታ ነው፡፡ የፊትና የኋላን በአንድ ቀን ማስቀየር ግዴታ አይደለም፤ አንድ አክሰል ላይ ግራና ቀኙን አብሮ መቀየር ግን ግዴታ ነው፡፡ ቀዳዳ ያለበትና የተሰነጣጠቀ መስመር ያለው «የስፖርት» ዲስክ ለከተማ ነጂ የሚጨምርለት ነገር ቢኖር ድምፅ ነው፤ ተራው ይበቃል፡፡ ለእሽቅድምድም የተሠራ ሸራም እንዲሁ፤ ሳይሞቅ በደንብ አይዝም፣ ከጎፋ ገብርኤል እስከ ቄራ ባለው የመኪና ሰልፍ ደግሞ መቼም አይሞቅም፡፡ ታዋቂ ስም ያለው መካከለኛ ሸራ፣ ተራ ዲስክና አዲስ ዶት 4 ዘይት፤ የእኔ ምርጫ ይህ ነበር፡፡

ሥራው ሲሠራ

የእጅ ዋጋው ከዕቃው አንጻር ትንሽ ነው፡፡ በዚህ ምክንያት በርካሽ እጅ ውድ ዕቃ ማበላሸት አያዋጣም፡፡ የዚህ መኪና የኋላ ካሊፐር ከእጅ ፍሬኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፒስተኑ እየተጫነ በሰዓት አቅጣጫ እየተሽከረከረ ነው የሚመለሰው፡፡ እንደ ፊቱ በጉልበት ብቻ የገፋው መካኒክ ውስጡን ይሰብረዋል፤ ካሊፐር ደግሞ ከሸራና ከዲስክ ተደምሮ ይወደዳል፡፡ ስለዚህ መኪናውን ከማስረከብ በፊት «የኋላውን ማዞሪያ አለህ ወይ ወንድሜ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፡፡ የሚያውቅ ሰው በጥያቄው ደስ ይለዋል፤ የማያውቅም ከመጀመር ይቆጠባል፡፡

ካሊፐሩ ሲፈታ በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ መተው የለበትም፤ በሽቦ ይታሰራል፡፡ የሚንሸራተትበት ዘንግ ተጠርጎ ለፍሬን በተሠራ ቅባት ብቻ ይቀባል፡፡ ተራ ግራሶ ሲግል ይቀልጥና ጎማውን ያሳብጠዋል፡፡ አዲሱ ዲስክ ላይ ያለው የዝገት መከላከያ ዘይት ይጠረጋል፤ የሚቀመጥበት ብረትም ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፡፡ ቅንጣት ዝገት ከሥር ከቀረ ዲስኩ ጎብጦ ይቀመጣል፤ ከወራት በኋላም መሪው መንዘፍዘፍ ይጀምራል፡፡ ያን ጊዜ የሚወቀሰው የዕቃው ሻጭ ነው፡፡ የጎማ ቡሎኖቹም በእግር ተረግጠው ሳይሆን በልክ፣ በዚህ መኪና በ120 ኒውተን ሜትር፣ ተራ በተራ በትይዩ ይጠብቃሉ፡፡ ዘይቱ ተለውጦ አየሩ ከአራቱም ጎማ ከወጣ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፡፡ ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን የሚይዘው የጋራዡ አጥር ላይ ነው፡፡

አዲስ ሸራ ከአዲስ ዲስክ ጋር እስኪስማማ ድረስ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም፡፡ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ለስለስ አድርጎ ማቀዝቀዝ፣ በየመሐሉም ነፋስ እንዲመታው ትንሽ መንዳት ይበቃል፡፡ በዚያ ልምምድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆሞ እግርን ፍሬን ላይ ማሳረፍ አያስፈልግም፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ማኅተሙን ያትማል፡፡ ከዚያ ቀጥታ ላቫጆ መግባትም አይመከርም፤ በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲረጭ ብረቱን ያጎብጠዋል፡፡ በክፍለ ከተማችን ከጋራዡ በር አጠገብ ላቫጆ መኖሩ ለብዙ ሰው ፈተና ነው፡፡

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የፍሬኑን አያያዝ ግራና ቀኝ እያነጻጸረ በማሽን ይለካል፡፡ የወጣውን ወረቀት የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ብዙው «አለፈ» የሚለውን ብቻ አይቶ ያጥፈዋል፡፡ የግራና የቀኙ ቁጥር ተራርቆ ከተገኘ አንደኛው ካሊፐር ተይዟል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ወረቀቱን ይዞ መካኒኩ ዘንድ መሄድ ቀጣዩን ሸራ ከመብላት ያድነዋል፡፡ እኔ ያለፈውንና የዘንድሮውን ወረቀት ከዕቃው ደረሰኝ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬ፣ ከላዩ የየዲስኩን ውፍረትና የተለካበትን ቀን ጽፌበታለሁ፡፡